የእግር መንገድ ጠባቂው ማነው?

የሰው ልጅ ከሠራቸው ነገሮች መካከል ያለ መሐንዲስ፣ ያለ በጀትና ያለ ምረቃ በዓል የተሠራ አንድ ነገር ቢኖር የእግር መንገድ ነው። አንዱ ሰው ሄደ፤ ሌላው ዱካውን ተከተለ፤ ልጅ አባቱን፣ በግ እረኛውን፣ ሚዜ ሙሽራውን ተከተለ። ሣሩ ተረገጠ፣ ድንጋዩ ለሰለሰ፣ መንገድም ሆነ። የተጀመረበትን ቀን የሚያውቅ ሰው የለም። የሚጠፋበትን ቀን ግን ማወቅ ይቻላል፤ ይኸውም አንዱ አርሶት፣ ሌሎቹም አይተው ዝም ያሉ ዕለት ነው።

ዛሬ በዚህ ገጽ ለአንባብያን ልናወጋ የተነሣነው በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ፣ በመካነ ሰላም አካባቢ፣ በአንድ ቀጭን የእግር መንገድ ላይ ስላየነው ነገር ነው። ነገሩ ትንሽ ነው፤ ከሦስት ትልም የማትበልጥ መሬት ናት። ነገር ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ከልባችን ስላልወጣች፣ ለሌላውም ብናካፍላት ትጠቅማለች ብለን አሰብን።

ጊዜው ጥር 2015 ዓ.ም. ነበር። ከዩኒቨርሲቲ ከወጣን ገና ዓመት ያልሞላን ሰባት ጓደኛሞች ነን። አብዛኞቻችን በአዲስ አበባ አስፋልት ላይ ያደግን ስለሆንን፣ አገራችንን የምናውቃት በመኪና መስኮት ነው ብንል ሐሰት አይሆንብንም። ስለዚህ ከጥምቀት በዓል በኋላ አንድ ሳምንት ወስደን፣ ዱላና ስንቅ ይዘን፣ በእግራችን አገር ለማየት ተነሣን።

ከመነሣታችን በፊት ግን እንደ ተማሪ ልማዳችን መጽሐፍ አገላብጠን ነበር። ያነበብነውም ስለ እንግሊዝ አገር የእግረኞች ማኅበራት ነው። በዚያ አገር ባለርስቶች ተራራውን ሁሉ ለአደን ወፍ ማርቢያ ብለው ስለ ዘጉት፣ በማንቸስተርና በሼፊልድ ፋብሪካዎች ሲደክም የሚሰነብተው ሠራተኛ በዕረፍት ቀኑ ንጹሕ አየር የሚተነፍስበት መንገድ አጥቶ ነበር። በመጨረሻ በእኛ አቈጣጠር ሚያዝያ 16 ቀን 1924 ዓ.ም.፣ ቀኑም እሑድ ነበር፣ ጥቂት መቶ የሚሆኑ እግረኞች ተሰብስበው ኪንደር ስካውት ወደሚባለው የተከለከለ ተራራ ወጡ። ከእነርሱም አምስቱ ወኅኒ ወረዱ። ነገር ግን ጉዳዩ በዚያ አልቀረም። በ1927 ዓ.ም. የእግረኞች አገር አቀፍ ማኅበር ተቋቋመ፤ በ1942 ዓ.ም. ደግሞ እያንዳንዱ የሕዝብ የእግር መንገድ በካርታ ላይ እንዲመዘገብ የሚያዝ ሕግ ወጣ። ዛሬ በእንግሊዝና በዌልስ ውስጥ በዚህ ዓይነት የተመዘገበው መንገድ 225,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ሕዝብ ሃያ ዓመት ሙሉ ሳይከለከል የሄደበት መንገድ የሕዝብ ነው ተብሎ ይገመታል። ገበሬው በእርሻው መካከል የሚያልፈውን መንገድ አርሶ እንደ ሆነ፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ መልሶ እንዲያስተካክለው ሕጉ ያስገድደዋል። በየአውራጃው ያሉት ትንንሽ ማኅበራትም እሑድ እሑድ በቡድን እየሄዱ፣ እሾሁን እየመነጠሩ፣ የተዘጋውን መንገድ ለሹማምንት እያመለከቱ ይጠብቁታል።

ይህን ባነበብን ጊዜ ልባችን ተነሣሣ። «እንዲህ ያለ ማኅበር ለእኛም አገር ያስፈልጋል» አልን። ሊቀ መንበር፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ያለው፣ ወርኃዊ መዋጮ የሚከፈልበት፣ ሰባት አንቀጽ ያለው የመተዳደሪያ ደንብ አረቀቅን። ደንቡን የጻፍንበትን ደብተር ከስንቃችን ጋር አስረን፣ ለወሎ ባላገር የመንገድን ነገር ልናስተምር ሄድን። አንባቢ ሆይ፣ እንድትስቅብን ፈቅደንልሃል።

መካነ ሰላም ከደሴ በስተ ምዕራብ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,600 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች የቦረና ከተማ ናት። ከደሴ ተነሥቶ ወደ እርስዋ የሚሄድ መንገደኛ የለጋምቦን ብርዳም ሜዳ አቋርጦ፣ በአቀስታ አልፎ ይደርስባታል። ስሟ የሰላም ቦታ ማለት ነው። ዛሬ የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ አንዱ ካምፓስ ስላለባት፣ በጎዳናዋ ላይ ደብተር የያዘ ወጣትና በግ የሚነዳ ገበሬ ትከሻ ለትከሻ ሲተላለፉ ይታያሉ። በስተ ምዕራብ ምድሩ ወደ ዓባይ ሸለቆ እየወረደ ቆላ ይሆናል፤ በስተ ሰሜን ደግሞ ወደ ሳይንት ተራሮች እየወጣ ውርጭ ይሆናል። በአንድ ቀን የእግር ጉዞ ከማሽላ አገር ወደ ገብስ አገር መሻገር ይቻላል ማለት ነው።

መንገድ መሪ የሆኑን ስድሳ ዓመት ያለፋቸው አንድ ገበሬ ናቸው። ስማቸው በጋዜጣ እንዳይወጣ ስለ ለመኑን፣ እኛም እንደ ልጆቻቸው «አባባ» እንላቸዋለን። ገና ጎሕ ሳይቀድ ከደጃችን ቆመው ጠበቁን። እኛ አዲስ የተገዛ የተራራ ጫማ ተጫምተን ነበር፤ እሳቸው በኮንጎ ጫማ ናቸው። ቀኑ ሳይጋመስ የአራታችን እግር ውኃ ቋጠረ፤ የእሳቸው ግን ደኅና ነበር። ትከሻቸው ላይ አንድ ጋቢ፣ በጨርቅ የተቋጠረ ጭኮና አንዲት ዱላ ብቻ ነበረቻቸው። ጭኮ የገብስ በሶ በቅቤ ተለውሶ የሚሠራ የመንገደኛ ስንቅ ነው፤ ጥቂቱ ለብዙ ሰዓት ያቆማል።

ከከተማው እንደ ወጣን አባባ ቆም ብለው ተራ አስያዙን። «ደካማው ከፊት ይሁን፤ ፈጣኑ ከኋላ» አሉ። እኛ ነገሩ ተገላቢጦሽ መስሎን ምክንያቱን ጠየቅን። «ፈጣኑ ፊት ከሆነ ደካማው ብቻውን ይቀራል፤ ደካማው ፊት ከሆነ ሁላችሁም አብራችሁ ትደርሳላችሁ» ሲሉ መለሱልን። ከደንባችን ሰባት አንቀጾች ውስጥ ይህን የመሰለ አንድም አልነበረም።

የወሎ የእግር መንገድ የራሱ ሥርዓት አለው። ማንም ሰው ማንንም ሰላም ሳይል አያልፍም፤ ሰላምታውም «እንደምን አደራችሁ» ተብሎ ብቻ አያበቃም። ከወዴት እንደ መጣን፣ ወዴት እንደምንሄድ፣ በመጣንበት አገር ዝናቡ፣ እህሉና ከብቱ እንዴት እንደ ሆነ ተጠይቀን መልስ ሰጥተናል። በመጀመሪያ ይህ ጊዜ የሚፈጅ ወግ መስሎን ነበር። በኋላ ግን የመንገዱ ጋዜጣ ይኸው መሆኑ ገባን። ከፊታችን ያለው ወንዝ ድልድዩ መሰበሩን፣ በማዶ ያለው ገበያ በዚያ ሳምንት ቀኑ መለወጡን የሰማነው በዚሁ ሰላምታ ነው። ሌላው ሥርዓት ደግሞ ስለ ሸክም ነው። ባዶ እጁን የሚሄድ ሰው ሸክም ላለው ይለቃል፤ አህያ የሚነዳ ሰው በጀርባዋ እንስራ ላዘለች ሴት ይለቃል። ሁሉም ግን ቃሬዛ በመጣ ጊዜ ከመንገድ ይወጣል። ይህንን የመጨረሻውን በቃል ከሰማን በኋላ በዓይናችን አይተነዋል፤ ወደ ፊት እንነግራለን።

የዚያን ቀን ጉዟችን ቀድሞ የደንቆሮ ጫካ ይባል ወደ ነበረው፣ ዛሬ የቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ ወደሚባለው ቦታ ነበር። ከታች ወይራና ጥድ፣ ከፍ ሲል ኮሶ፣ ከዚያም አስታ፣ ከሁሉ በላይ ጅብራና ጓሳ ሣር በየደረጃቸው ቆመዋል። የተራራው ራስ 3,700 ሜትር ይጠጋል። በገደሉ አፋፍ ላይ የጭላዳ መንጋ ተቀምጦ ሣር ሲነጭ አገኘን። ጭላዳ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር ዱር አይገኝም፤ ኑሮውም እንደ በግ በሣር ነው። እኛ ስንቀርብ መንጋው ሳይደናገጥ ቀስ ብሎ ከመንገዱ ፈቀቅ አለ። አባባም «እሱም የመንገድ ሥርዓት ያውቃል» ብለው አሣቁን። ቀይ ቀበሮም በዚህ ተራራ ይኖራል፤ በመላው ዓለም የቀሩት ጎልማሶቹ 500 እንኳ እንደማይሞሉ ይነገራል። እኛ ግን ጓሳው ውስጥ ብንፈልግ ብንፈልግ አላየነውም። አንድ ጓደኛችን ፎቶግራፍ ለማንሣት ከመንገዱ ወጥቶ ሣሩን መርገጥ በጀመረ ጊዜ፣ አባባ በዱላቸው ጫፍ መለሱት። መንገድ የሚያሳልፈን ሰዎችን ብቻ እንዳልሆነ፣ ከመንገዱ ውጭ ያለውን ነገርም እንደሚጠብቅ ያን ጊዜ አስተዋልን።

ከአፋፉ ላይ ቆመን ሳለ አባባ ዱላቸውን ወደ ሰሜን ምሥራቅ ዘርግተው «መቅደላ በዚያ ነው» አሉን። ርቀቱ ለዓይን አይደርስም፤ ለልብ ግን ይደርሳል። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ከደብረ ታቦር ተነሥተው፣ 70 ኩንታል ያህል የሚመዝነውን ሴባስቶፖል የተባለ መድፍ ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ፣ የጅጣንና የበሽሎን ሸለቆዎች በእጅ ሥራ ጥርጊያ መንገድ አውጥተውባቸዋል። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ከሠራዊታቸው ጋር ድንጋይ ያነሡ ነበር። ሥራው ወደ ስድስት ወር ፈጀ፤ በሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ደግሞ የእንግሊዝ ጦር አምባውን ሲይዝ ሕይወታቸው በዚያው አለፈ። ያ መንገድ የአንድ ታላቅ ሰው ፈቃድ የሠራው መንገድ ነው። እኛ የቆምንበት ቀጭን መንገድ ግን ማንም ሰው አዝዞ አላሠራውም። አህያውና እረኛው፣ ገበያተኛውና ለቀስተኛው እየተመላለሱ በእግራቸው አወጡት።

በማግሥቱ በሌላ አቅጣጫ ስንመለስ ያ ዋናው ነገር ደረሰ።

በአንድ ረጅም ቁልቁለት ላይ፣ በግራ በኩል ጎርፍ የቦረቦረው ጥልቅ ገደል፣ በቀኝ በኩል እርሻ አለ። መንገዱ በሁለቱ መካከል ይወርዳል። የበልግ እርሻ ጊዜ ስለ ነበር አፈሩ አዲስ ተገልብጧል። አባባ ድንገት ቆሙ። መንገዱ አንድ እርምጃ ብቻ ቀርቶት ነበር፤ ማረሻው ሦስት ትልም ገፍቶ በልቶታል። አባባ ምንም አልተናገሩም። ጐንበስ ብለው ወደ መንገዱ የተንከባለለውን ድንጋይ አንሥተው ወደ ዳር አኖሩ፤ ሌላም አነሡ። ከማዶ በሬዎቹን የሚያርሰው ጎልማሳ ቀና ብሎ አየን፤ ቀናም ብሎ አልቆየ፣ ወደ ዕርፉ ተመለሰ።

ወዲያው ከላይ በኩል «መንገድ! መንገድ!» የሚል ጩኸት ሰማን። ዐሥራ አምስት የሚያህሉ ወንዶች ቃሬዛ ይዘው፣ በየጊዜው ትከሻ እየተለዋወጡ በሩጫ ይወርዳሉ። በቃሬዛው ላይ በቡሉኮ የተሸፈነች ሴት አለች፤ ምጥ ከያዛት ሁለተኛ ቀኗ ነው። አምቡላንሱ ከታች፣ ጠጠር መንገዱ ላይ ይጠብቃቸዋል። እኛ ከመንገድ ወጥተን ገደሉ አፋፍ ላይ ተለጠፍን። ሆኖም በጠባቡ ቦታ በደረሱ ጊዜ አራት ሰዎች ጎን ለጎን ሊያልፉ አልቻሉም። በስተ ቀኝ የተሸከመው ሰው እግሩ ለስላሳው ትልም ውስጥ ገባ፤ ቃሬዛው ወደ ገደሉ በኩል አዘነበለ። የሴቲቱ ጩኸት እስከ ዛሬ በጆሯችን ውስጥ አለ።

ከእኛ መካከል ሁለቱ ዘለው የቃሬዛውን ጫፍ ያዙ። ከእነርሱ ቀድሞ የደረሰው ግን ያ አራሹ ነበር። ዕርፉን ለቆ፣ በሬዎቹን በሜዳው ላይ ጥሎ፣ በገዛ ትልሞቹ ላይ እየሮጠ ወርዶ ትከሻውን ከሥር ሰጠ። ቃሬዛው ተቃና። ማንም ሰው አልሰደበውም፤ ማንም «ያንተ ሥራ ነው» አላለውም። እሱም እስከ ጠጠር መንገዱ ድረስ ትከሻውን ለማንም ሳይለውጥ ተሸክሞ ሄደ። ሴቲቱ በዚያው ሌሊት ሴት ልጅ በሰላም መገላገሏን በማግሥቱ ሰማን።

ማታ በአባባ ቤት ቡና እየተፈላ ሳለ፣ የሆነው ነገር አስቈጥቶን ስለ ነበር ደብተራችንን አወጣን። «አባባ፣ እንዲህ ያለው ነገር እንዳይደገም ማኅበር ማቋቋም ያስፈልጋል» ብለን ሰባቱን አንቀጾች አነበብንላቸው። የእንግሊዞቹንም ታሪክ ተረክንላቸው። እሳቸው ስኒያቸውን ይዘው እስከ መጨረሻው በጥሞና አዳመጡን።

«ልጆቼ፣ ይህ እኮ ቅሬ ነው» አሉ በመጨረሻ።

ቅሬ በሌላው አገር ዕድር የሚባለው ነው። በወሎ ግን ከቀብርና ከለቅሶ አልፎ የሰፈሩን ኑሮ የሚያስተዳድር የሕዝብ ማኅበር ነው። ክርስቲያኑና እስላሙ በአንድ ቅሬ ተሰብስበው አንዱ የአንዱን ሬሳ ያነሣል፣ አንዱ የአንዱን በሽተኛ ይሸከማል። ሲጠራ ያልመጣ ይቀጣል። ዳኛም አለው።

«እናንተ የምትነግሩን ሰዎች ለመሄድ ይሰበሰባሉ» አሉ አባባ፤ «እኛ ለመሸከም እንሰበሰባለን። ባዶ እጁን የሚሄድ ሰው መንገዱ ቢጠብበው ጎንበስ ቀና ብሎ ያልፋል። መንገድ መጥበቡን የሚያውቀው የተሸከመ ነው። ነገ ቅሬ አለ፤ ኑና እዩ።»

ሄድን። ስብሰባው ከአንድ ትልቅ ወይራ ሥር ነበር። በመጀመሪያ አንድ የእስላም ሽማግሌ መረቁ፤ ቀጥለው አንድ ቄስ መረቁ፤ ጉባኤውም ግማሹ «አሚን» ግማሹ «አሜን» እያለ ተቀበለ። የቅሬው ዳኛ ገና ነገሩን ሳያነሡ ያ አራሽ ብድግ አለ።

«እኔው ነኝ፤ ሦስት ትልም ገፍቻለሁ» አለ። «ግን አንድ ነገር ስሙኝ። ቦረቦሩ በየክረምቱ ከመሬቴ ሲበላ ስንት ዓመት ሆነው? ከታች በኩል ያለውን ቁራጭ ጨርሶ ወስዶታል። አምስት ልጅ አለኝ። ጎርፉ ከእኔ ሲወስድ ማን አየልኝ? እኔም ከመንገዱ ወሰድሁ። ትናንት ያቺን ሴት ባያት ግን አጥንቴ ራደ።»

ከጉባኤው መካከል ብዙ ጊዜ ዝም ተባለ። እኛ ከሳሽና ተከሳሽ አይተን ፍርድ ለመስማት ነበር የመጣነው። አሁን ግን እውነተኛው በዳይ ቦረቦሩ ሆኖ ተገኘ። ሽማግሎቹ ተመካክረው ፍርዱን ተናገሩ። ሰውዬው ሦስቱን ትልሞች ለመንገዱ ይመልሳል፤ ቅሬው ደግሞ ከየቤቱ አንድ አንድ ሰው አውጥቶ በቦረቦሩ ውስጥ የድንጋይ ክትር ይሠራለታል። መቀጫ አልተጣለበትም። «ቃሬዛውን ሳይለውጥ ተሸክሟል፤ መቀጫው እሱ ነው» ተባለ።

ሥራው በሦስተኛው ቀን ተጀመረ። እኛም የመመለሻ ቀናችንን ገፍተን ድንጋይ አቀበልን። ክትር ማለት ጎርፉ ኃይሉን እንዲያጣና የተሸከመውን አፈር እዚያው ጥሎ እንዲያልፍ በቦረቦሩ አቋርጦ የሚሠራ የድንጋይ ግድብ ነው። ከታች ሰፋ፣ መካከሉ ዝቅ ተደርጎ ይካባል፤ ውኃው በመካከል እንዲያልፍና ዳሩን እንዳይቦረቡር ነው። እስከ ማታ አራት ክትር ቆመ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ሲባል የሰማነውን ተረት ትርጉሙን በዚያ ቀን በእጃችን መዳፍ ላይ አነበብነው። የእንግሊዝ ሕግ ለገበሬው ሁለት ሳምንት ይሰጠዋል፤ የቦረና ቅሬ በሦስት ቀን ውስጥ መንገዱንም መለሰ፣ ገበሬውንም አዳነ።

እንግዲህ ከዚህ ተነሥተን የውጭ አገር ሕግ ለእኛ አይጠቅምም ልንል አይደለም። ነገሩን በጥሞና ስናስበው ሁለቱም ጉድለት አላቸው። በካርታ ላይ የተጻፈ መንገድ ተሸካሚ ባይኖርም እንኳ ስሙ ይኖራል፤ በቅሬ የሚጠበቅ መንገድ ግን የሚኖረው ቅሬው እስካለ ድረስ ብቻ ነው። ወጣቱ ወደ ከተማ እየሄደ ነው። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ በሁሉን አቀፍ የገጠር መንገድ ፕሮግራም ቀበሌዎችን ከዋና መንገድ የሚያገናኝ ጥርጊያ በየቦታው ተሠርቷል። ይህም እጅግ መልካም ነገር ነው፤ ያቺ እናት አምቡላንስ የደረሰላት በእንዲህ ያለ መንገድ ነው። ሆኖም አምቡላንሱ እስከ ጠጠሩ ድረስ እንጂ እስከ ደጃፏ አልመጣም። ከደጃፍ እስከ ጠጠር ያለው ርቀት የእግር መንገድ ነው፤ የብዙ ሰው ሕይወትም በዚያች ርቀት ላይ ተንጠልጥላለች።

ስለዚህ ከዚህ የሚከተለውን ብናሳስብ እንደ ድፍረት አይቈጠርብን። የገበሬው መሬት በሚለካበትና የይዞታ ደብተር በሚሰጥበት ጊዜ፣ በሁለት ማሳዎች መካከል የሚያልፈው የእግር መንገድ ከነስፋቱ ቢመለከት፣ ወደ ፊት ጠብ ይቀንሳል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም መውጫ ለሌለው መሬት የመተላለፊያ መብት የሰጠ ስለሆነ፣ አሳቡ ለሕጋችን እንግዳ አይደለም። ጥርጊያ የሚያወጡ መሐንዲሶችም ከመንገዳቸው የሚወርደውን ጎርፍ በእግረኛው መንገድ ላይ እንዳይለቁት ቢጠነቀቁ፣ አንዱ መንገድ ሲሠራ ሌላው አይፈርስም። የትምህርት ቤት ተማሪዎችም በጂኦግራፊ ትምህርታቸው ከመምህራቸው ጋር ወጥተው የሰፈራቸውን የእግር መንገድ በወረቀት ላይ ቢነድፉ፣ ከማንኛውም መጽሐፍ የማያገኙትን ዕውቀት ያገኛሉ።

ለመዝናናት የሚሄደውም የከተማ ሰው የድርሻውን ሊያደርግ ይችላል። በሰሜን ወሎ በመቄት ደጋ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ «ተስፋ» በተባለው ድርጅት አማካይነት፣ ባላገሩ ራሱ የእንግዳ ጎጆ ሠርቶ፣ እንግዶችን ከመንደር ወደ መንደር በእግር እየመራ፣ ዕቃቸውን በአህያ እየጫነ ገቢ የሚያገኝበት ሥራ ተጀምሮ ነበር። እንግዳው አገር አየ፤ ባላገሩም መንገዱን የሚጠብቅበት አንድ ተጨማሪ ምክንያት አገኘ። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በተነሣው ግጭት ምክንያት ግን በዚያ አገር እንደ ልብ መንሸራሸር አልተቻለም። እኛም እስካሁን አልተመለስንም። ሰላም ሲሰፍን ግን የመጀመሪያው ሥራችን ያንን ቁልቁለት እንደገና መውረድ ነው።

አባባ ስልክ በተገኘ ጊዜ ይደውሉልናል። የክትሮቹን ነገር ስንጠይቃቸው አራቱም ክረምቱን ችለው መቆማቸውን፣ ከኋላቸውም አፈር ሞልቶ ሣር መብቀሉን ነግረውናል። ያ አራሽ በየዓመቱ መጀመሪያ ማረሻውን ከመጥመዱ በፊት በመንገዱ ዳር ድንጋይ እየደረደረ ወሰኑን ያሳያል አሉን። በዚያ ሌሊት የተወለደችው ልጅም ዛሬ በእግሯ ትሄዳለች። እናቷ ገበያ ስትወጣ በዚያው ቁልቁለት እየተከተለቻት እንደምትወርድ ሰምተናል።

ያ ሰባት አንቀጽ የነበረው ደንባችን አሁንም በደብተራችን ውስጥ አለ። ስድስቱን ሰርዘናቸዋል። የቀረውን አንዱን ደግሞ ለውጠን እንዲህ ብለን ጽፈንበታል፤ «ደካማው ከፊት ይሁን፤ ፈጣኑ ከኋላ።»